የሐረግ ዘጠኝ ዓመት

ጥር 6 ቀን 1967
ክሊኒኩ በሰው ተጨናንቆ ዋለ። ቁስል ሳጥብ፣ መርፌ ስቀቅል... ቤት ስገባ የወንድሜ ልጅ ሐረግ ከትምህርት ቤት ቀርታ ነጠላዬን ተከናንባ ተኝታለች።
“አክስቴ፣ ደም እየፈሰሰኝ ነው... ልሞት ነው?”
የወር አበባ! በዘጠኝ ዓመቷ!
“አትሞቺም፤ ሴት ሁሉ የሚያየው ነው” አልኳት።

ጥር 9
ጎረቤቴ ወይዘሮ ቦጋለች፣ “የእርዳታው ወተት ነው ያስቸኮላት” አሉኝ። ያጠጣኋት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቷ በረሃቡ ስትሞት አባቷ፣ ወንድሜ መለሰ፣ ከወግዲ አዝሎ ሲያመጣት አጥንቷ ይቆጠር ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ አበላኋት። እኩዮቿን ጥላ አደገች። ማብላቴ ነው ጥፋቱ?

ጥር 21
መለሰ ለገበያ መጥቶ ጎራ አለ። ሐረግን አያት።
“ደርሳለች እኮ። የባለመሬቱ ልጅ ጠይቋታል። ሰርጉ የካቲት 23፣ ጾሙ ሳይገባ። ቃል ሰጥቻለሁ።”
“ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጋሼ!”
“አካሏን አታዪም? ደግሞ የማርሰው መሬት የእነሱ ነው።”
ምሳውን አብልቼ ሸኘሁት። አልሰጥም ሳልል መሸኘቴ አንገበገበኝ።

የካቲት 3
በጭነት መኪና ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ መረመሯት። ምን ትበላለች፣ ክኒን ወስዳ ታውቃለች፣ ምን ትቀባለች... አንድም አልደበቅኩም።
“ሌላ በሽታ አላገኘሁም። ውፍረትም፣ መድኃኒትም፣ ቅባትም ያስቸኩላል ይባላል። ተርበው ኖረው ቶሎ የጠገቡ ልጆች ላይም አይቻለሁ። እርግጡን አላውቅም። ባታበያት ግን ዛሬ አትኖርም ነበር።”
አለቀስኩ።
“አካሏ ነው የቸኮለው፣ እሷ ልጅ ናት። ብታረግዝ ለሞት ያሰጋታል” ብለው በወረቀት ጻፉልኝ።
በቃ። አልሰጣትም።

የካቲት 18
መለሰ ሽማግሌ ይዞ መጣ፣ አቶ አምባቸውን። ወረቀቱን አነበብኩላቸው።
“ወረቀት መሬት ይሆነኛል?” አለ መለሰ።
ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። “አባቴ፣ እናቷን ሲቀብሩ እርስዎም ነበሩ። ያኔ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነበር?”
“ሰባት” አሉ። ቀጥለውም፣ “ተነስ መለሰ፣ እንሂድ። እኔ በዚህ ውስጥ አልገባም።”
መለሰ በር ላይ ዞሮ፣ “ከዛሬ ወዲያ እህት የለኝም” አለኝ።
የለውም እንግዲህ።

የካቲት 23
የሰርጉ ቀን። ማንም አልመጣም። በሩን ግን ቆልፌ ዋልኩ።

የካቲት 25
ሬዲዮ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ አለ። መንገዱ በእልልታ ተሞላ። እኔ መለሰን አሰብኩ። ሰምቶ ይሆን?

መጋቢት 14
መለሰ መጣ። ደጅ ላይ ቆመ። ሐረግ ከኋላዬ ተደበቀች።
“አባ፣ ልትወስደኝ ነው?”
“አይ... ላይሽ ነው።”
ከዚያ ለእኔ፣ ቀስ ብሎ፣ “መሬቱ ባይታወጅ ዛሬም እሰጣት ነበር። እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።”
“ግባ” አልኩት።
ሐረግ እግሩን ልታጥብ ውሃ ይዛ ጎንበስ አለች። ጣሳውን ከእጇ ተቀበላት።
“ተይ፣ ራሴ እታጠባለሁ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ሂጂ ተጫወቺ።”
እየሮጠች ወጣች።