የወንድሜ አንገትና አራት ብሎኖች

ሰኞ፣ ኅዳር 9፣ 1978

ዛሬም ቀዶ ጥገናው አልተሠራለትም። ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ቁስቋም ያለው ቤቱ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ወድቆ አንገቱን ከሰበረ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ሆስፒታል ራስ ቅሉን በብረት ቆንጥጠው፣ ብረቱን በገመድ አስረው፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የአሸዋ ከረጢት አንጠልጥለዋል። እጆቹ ደህና ናቸው። እግሮቹ ደክመዋል።

ሐኪሙ ፈረንሳይ የተማረ ነው። ሁለት ትንንሽ ዝርግ ብረትና አራት ብሎን በሻንጣው ይዞ መጥቷል፤ እዚህ አይገኝም። ከአንገቱ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ፣ አጥንቱ ላይ ይታሰራል። ብሎኑ ትንሽ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ ከሳተ ነርቩን ወይም የደም ሥሩን ይወጋል። ስንት ዲግሪ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ “እጄ ያውቀዋል” አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የማሽን ንድፍ ሳስተምር፣ እጄ ያውቀዋል የሚል ተማሪ አሳልፌ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ 10

የኤክስሬይ ፊልም የለም አሉ። ጮህኩ። ተገኘ።

ቀበሌ ከስብሰባ የቀረሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ይፈልጋል። ይጠብቅ።

የብሎኑን ንድፍ ወረቀት ላይ ሥዬ ለነርሷም፣ አጠገቡ ለተኛው በሽተኛም አስረዳሁ። ታደሰ፣ “ጋሼ፣ ብቻ እንዳትፈትነኝ” አለ።

ሐሙስ ይሠራለታል። ታላቅ እህታችን እትዬ በላይነሽ፣ በሚካኤል ዕለት መሆኑ ደስ አላት።

ረቡዕ፣ 11

ስደርስ ከረጢቱ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ከማኅበር ጓደኞቿ ጋር ሆና፣ አዝና፣ በርጩማውን ከሥሩ አስገብታለች። “እንደ በግ ሲጎትቱት እያየሁ ዝም ልበል?” አለች።

የታደሰ የግራ እጁ ጣቶች ደንዝዘዋል። ሐኪሙ ከረጢቱን መልሶ ሰቀለና ፊልም አስነሳ። ወጥሮ የሚይዘው ክብደት ስለላላ አጥንቱ ተንሸራቷል። ነገ ከሁሉ በፊት እሱ ይገባል።

ኮሪደር ላይ፣ ሰው ፊት፣ ጮህኩባት።

ቤት ገብቼ ወረቀቶቼን አየሁ። ሦስቱም የብሎን ንድፍ ናቸው። ከረጢቱ ለምን እንደተሰቀለ ማንም አልነገራትም። እኔም።

ሐሙስ፣ 12

ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ጉለሌ በቆሻሻ ጭስ ታፍኗል። ታደሰ ሦስት ሰዓት ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ፣ ስምንት ሰዓት ወጣ። እትዬ አግዳሚው ወንበር ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዋለች።

አራቱም ብሎኖች ይዘዋል። ስለ ጣቶቹ ስጠይቅ ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ።

ዓርብ፣ 13

እግሮቹ እንደነበሩ ናቸው። ግራ ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም።

እትዬ ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች። “እጁን ብነካውስ ይጎዳል?” አለችኝ። አላወቅሁም። ወጥቼ ሐኪሙን ጠየቅሁ።

“ንኪው ተብሏል፣ እትዬ።”

ግራ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየያዘች፣ ይሰማሃል ትለዋለች። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው፤ አያያትም። አራቱን፣ አይ አለ። ትንሿ ጣቱ ላይ ደረሰች።

“እንጃ” አለ። “ቀዝቃዛ እጅ መሰለኝ።”

የእትዬ እጅ ሁልጊዜም ቀዝቃዛ ነው።