አክሱምና የአባቴ ዋንዛዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1998፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ሦስት ዩኒፎርም ቆርጫለሁ፣ አንዱን ሰፍቻለሁ። የሚዛን ከተማ ገበያ ጭር ብሏል፤ ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው። እናም ደብተሬ፣ የስፌት መኪናው ላይ ዘርግቼሽ እጽፋለሁ። በየቀኑ ጻፉ፣ አማርኛችሁ ይፈታል ያለን መ/ር ታደሰ ነው፤ የማታ ት/ቤት የታሪክ አስተማሪያችን። እኔ፣ በአርባ ዓመቴ፣ 9ኛ ክፍል!

ጠዋት ጳውሎስ መጣ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከተወለድንበት ከሸዋ ቤንች። የአባታችንን ዋንዛዎች ለጣውላ ነጋዴ ሊሸጥ ነው። ከሥራቸው ያለውን ቡና ነቅሎ በቆሎ ሊዘራ። አባታችን ለሁለታችን ስለተናዘዘ ነጋዴው ያለ እኔ ፊርማ እሺ አላለም። እሑድ መጥቼ እፈርማለሁ አልኩት። ምን ቸገረኝ? ቤቱ ያፈሳል፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ዛሬ አክሱም። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፤ መ/ር ታደሰ በአማርኛ ይተርክልናል። የአዱሊስ ወደብ። ከሩቅ አገር የሚመጣ መርከብ። የራሳቸው የወርቅ ገንዘብ! የዝሆን ጥርስ ከመሀል አገር እየተጫነ ይወርዳል። ዝሆኑ ከእኛም በኩል ይሆን? ብዬ ጠየቅሁ። አላውቅም አለ፣ ሳይደብቅ። አስተማሪ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ወደድኩት።

ሐሙስ ስለ ውድቀቱ አንድ ሰው አንብቦ ለክፍሉ ይናገር አለ። ማንም እጁን አላወጣም። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ወይ ጉዴ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ልቤ ስፌቱ ላይ የለም።

ልጄ ሰላም እንግሊዝኛውን እያነበበች ትተረጉምልኛለች። አንዱ ምክንያት፦ የባሕሩ ንግድ ከእጃቸው ወጣ። ሌላው፣ አንዳንድ ሊቃውንት የሚሉት፦ በከተማው ዙሪያ የነበረው ደን አለቀ። ለማገዶ፣ ለከሰል፣ ለብረት ማቅለጫ። ከዚያ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። መሬቱ ያን ሁሉ ሕዝብ መመገብ አቃተው።

ሰላም ማንበቧን ቀጥላለች። እኔ አልሰማትም። የአባቴ መሬት ዳገት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ተናገርኩ!

ስጀምር «ንጉሡ የወርቅ ገንዘብ አሠራች» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አፌን የፈታሁት በቤንችኛ ነው፤ ስቸኩል ወንድና ሴቱ ይምታታብኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! መ/ር ታደሰ አልሳቀም። ከደኑ ቀጥይ አለኝ። ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ ያዳምጡኝ ጀመር።

ስጨርስ አብሮን የሚማረው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ፖሊስ ጠየቀ፦ «ታዲያ ደኑን የጨረሰው ማነው?»

መ/ር ታደሰን አየሁት። መልሱን ለእኔ ተወው።

«ክፉ ሰው አይደለም» አልኩ። «ሁሉም ለየቤቱ ነው የቆረጠው። ጣሪያው ያፈሰሰበት፣ ልጆቹ የበረዳቸው።»

ይኼ መጽሐፉ ላይ የለም። ከየት እንዳመጣሁት እኔ አውቃለሁ። ተጨበጨበልኝ፤ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እሑድ ለጳውሎስ ምን ልበለው?

እሑድ፣ ኅዳር 11፣ ሸዋ ቤንች፣ 9 ሰዓት

ከቤ/ክ ቀጥታ በሚኒባስ መጣሁ። ጳውሎስ ወረቀቱን አውጥቶ ጠበቀኝ። አልፈርምም አልኩት። ተቆጣ። አንቺ ከተማ ተቀምጠሽ! ዝናቡ የሚወርደው እኔ አልጋ ላይ ነው! እውነቱን ነው። አፈርኩ።

ቢሆንም ስለ አክሱም ነገርኩት። በቋንቋችን። ቃሉ እንደ ውኃ ወረደልኝ። በሰሜን ንጉሥ እኔ ምን አገባኝ? አለ። እጁን ይዤ ጎረቤት ወሰድኩት፤ ዛፉን ሁሉ ቆርጦ በቆሎ የዘራው ሰውዬ ዳገት ላይ። ቀይ ቦይ ብቻ። የአገዳው ሥር ተገልጦ ይታያል። ጳውሎስ በየቀኑ ያልፍበታል፤ ዛሬ ቆሞ አየው። ጎንበስ ብሎ የቦዩን ጥልቀት በክንዱ ለካ። እስከ ትከሻው ገባ።

ጭቃውን ከክንዱ ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

«ጣሪያዬስ?»

11 ሰዓት

ተስማማን! ሁሉንም መሸጡ ቀረ። ያረጁት ሁለት ዋንዛዎች ብቻ ይሸጣሉ፣ ለቆርቆሮ። የጎደለውን እኔ ሰፍቼ እሞላለሁ። የቀሩት ይቆማሉ፤ ቡናውም ከሥራቸው። በሁለቱ ምትክ ችግኝ እንተክላለን። ወረቀት ላይ አስፍሪው አለኝ። ጽፌ ሁለታችንም ፈረምን። የእሱ ፊርማ ከእኔ ያምራል።

አሁን የአክሱም ሰዎች ኋላ የት ሄዱ ብሎ ይጠይቀኛል። ወደ ደቡብ ወረዱ፣ ሌላ መሬት አረሱ አልኩት። ሳቀ። ከዚህ ወዲያ እኛ ወዴት እንወርዳለን? አለኝ።

ዝናቡ ሳያባራ ጉድጓዱን ዛሬውኑ ካልቆፈርን ይላል። በቤተ ክርስቲያን ልብሴ! አካፋ አምጥቶ ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ ስሜን እየጠራ። ልሂድ ደብተሬ፣ መጀመሪያ የምንቆፍረው ከሚቆረጡት ከሁለቱ አጠገብ ነው።