ማማ ያጠራቀሙልኝ ክኒኖች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2003፣ ኾባር፣ ሳዑዲ

የአሠሪዬ የማዳም እናት ልባቸውን ከታመሙ ወዲህ መድኃኒታቸውን የምሰጠው እኔ ነኝ። ማማ እላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ ለድብርት የሚሆን ነጭ ክኒን ጨመረላቸው። ሐዘኑ ለልብዎም ጥሩ አይደለም ብሏቸዋል።

ዛሬ አንሶላ ስቀይር ሰባቱም ነጭ ክኒኖች በሶፍት ተጠቅልለው ከትራሱ ሥር ተገኙ። የልቡን ያለ ክርክር ይውጣሉ፤ ይቺን ግን ለካ እየደበቁኝ ነበር። ደነገጥኩ። ማዳም ብትሰማ ሙሽኪላው፣ ጣጣው ሁሉ፣ የኔ ነው።

«ማማ፣ ለምን?» አልኳቸው።

«ላንቺ ነው ያጠራቀምኩት» አሉኝ ረጋ ብለው። «ዶክተሩ ብቻውን ለሚያለቅስ፣ ምግብ እምቢ ላለው ሰው ነው አለ። ያ ሰው አንቺ ነሽ።»

የሌላ ሰው መድኃኒት እንደማይዋጥ፣ ነገሩንም ለዶክተሩ መንገር እንዳለብኝ አስረዳኋቸው። ትንሽ አኮረፉ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አምጪው» አሉና የዛሬዋን ዋጡ። እስኪወርድላቸው አጠገባቸው ቆምኩ።

«ደግሞ እኔ አላለቅስም» አልኳቸው ብርጭቆውን እየተቀበልኩ።

«እኔም ለዶክተሩ ያልኩት እንደዚሁ ነው» አሉኝ።