ከብራይር ሸለቆ በላይ ስለተንጠለጠለው ድንጋይ

ለሴንት ኦስዊን ደሴት ገዥ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ፤ የባለቤትዎ የጉልበት ሕመምስ ቀለል አላቸው? እኛ የብራይር ሸለቆ ነዋሪዎች ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ በሕይወት አለን።

ስሜ ኢዶራ ነው፤ በሸለቆው ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ክቡርነትዎ ከባሕር ማዶ ተሹመው ከመጡ ገና ሁለት ዓመትዎ ስለሆነና እኛን ለማወቅ ጊዜ ስላላገኙ፣ ራሴን ማስተዋወቄን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፣ ለሰጡን መልስ አመሰግናለሁ። ከቤታችን በላይ ያለው ገደል መሰንጠቁን ባመለከትን በአሥራ አራተኛው ወር፣ ጉዳዩ ባሕር ማዶ ላለው መሥሪያ ቤት እንደተላከና እዚያ ያሉት ሹማምንት «ስጋቱን በቅርብ እንደሚከታተሉት» የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶናል። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው በቅርብ መከታተላቸው ያስደንቃል፤ እኛ ከሥሩ ሆነን እንኳ ቀና ብለን ለማየት እንፈራለን።

ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ያለው የአደጋ ደወል ያለ ክቡርነትዎ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይደወል ስላወጡት ደንብ። ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ቀን የዘነበው ዝናብ ሳያባራ ከገደሉ ጠጠር መውረድ ጀመረ። እያስተማርኩ ነበር። በቆርቆሮው ላይ ባቄላ የሚበተን ይመስል ነበር። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስደውል ጸሐፊዎ በትሕትና «ክቡርነታቸው የአበባ ውድድር እየዳኙ ስለሆነ በጽሑፍ ያመልክቱ» አለኝ። «ወንድሜ፣ ድንጋዩ እስክጽፍ አይጠብቀኝም» አልኩት። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ልጆቹ ሮጥኩ።

የቀድሞው የወደብ ሠራተኛ ጋሽ ሲረል ዮን ግን አላመለከቱም። በሰባ ሦስት ዓመታቸው ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጡና የደወሉን ገመድ ያዙ። «ውጡ! ምን ትጠብቃላችሁ፣ ውጡ እንጂ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ልጆች እጅ ለእጅ አያይዤ ወደ ባሕሩ ዳር ስወርድ ከኋላዬ ምድር ተናወጠች። ዞሬ ማየት ፈራሁ። ልጆቹን ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። ስንመለስ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ግማሹ የለም፤ ትንንሾቹ ይቀመጡበት የነበረው አግዳሚ ላይ በሬ የሚያክል ድንጋይ ተቀምጧል። አንድም ሰው አልሞተም።

ሦስተኛ፣ በሳምንቱ ለጋሽ ሲረል ስለላኩላቸው መጥሪያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ያለ ፈቃድ ሕዝብን ማሸበር» ይላል። ወረቀቱን ይዘውልኝ መጡና «ኢዶራ፣ እስቲ አንብቢልኝ፤ ያበደው መነጽሬ ነው ወይስ ሰዎቹ?» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡም ዳኛው «ሁለተኛ ቢደውሉ ይታሰራሉ» ብለው አስጠንቅቀው አሰናበቷቸው።

ክቡር ሆይ፣ የወደቀው ትንሹ ነው። ትልቁ አሁንም እላይ አለ፤ ባለፈው እሑድ ስንጥቁ ክንዴን ያስገባ ነበር፣ ዛሬ ትከሻዬን ያስገባል። ልጆቹ ሰሌዳውን ትተው ገደሉን ያያሉ። ኤሚሊን የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪዬ «ቲቸር፣ አሁን ማን ነው የሚደውልልን?» ስትል ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ትናንት ጋሽ ሲረል ዘንድ ሄጄ የደወሉን አሳሳብ ተማርኩ። በጣም እፈራለሁ፤ እስር ቤትንም እፈራለሁ። መጥሪያው ሲጻፍ እንዳይሳሳት ግን ሙሉ ስሜን ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

ለክቡርነትዎ ሰላማዊ እንቅልፍ ከልቧ የምትመኝ፣

ኢዶራ ማርጋሬት ቤንጃሚን

ማስታወሻ፦ ገደሉን የሚመረምር ባለሙያ በሚያዝያ መርከብ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። በገደሉ በኩል ባለው የኋላ ክፍሌ ሁለት አልጋ አንጥፌያለሁ፤ አንደኛው የክቡርነትዎ ነው።