ወተቱ ንጹሕ ነበር

ሰኞ፣ የካቲት 9

ከቀጨኔ ቁልቁለቱን በእግር። አቧራ ጠግቤ ፋብሪካ ደረስኩ። ሥ/አስኪያጁ ላብራቶሪዬ በር ላይ ቆሟል። የቆዳ ማጠቢያው የፍሳሽ ጉድጓድ ተደፍኗል፤ ዛሬ ካልተጠረገ የወሩ ዕቅድ ገደል ገባ ይላል። የሚጠርጉት ጋሽ ሽኩር ናቸው። እኔ መርምሬ ይውረዱ ካላልኩ አይወርዱም።

መሳቢያዬ ውስጥ መርዘኛ ጋዝ ሲነካው የሚጠቁር ወረቀት አለ። ሊያልቅ ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ላሳየው አስቀምጬዋለሁ። እንደ ሁልጊዜው በአፍንጫዬ መረመርኩ። የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ። ትንሽ ቆየሁ፣ ጠፋ። በቃ፣ ነፍሶበታል አልኩ። ጋሽ ሽኩር ወተታቸውን ጠጥተው ወረዱ። እዚህ ከኬሚካል ጋር ለሚሠራ ሁሉ ወተት ይታደላል፤ መርዝ ይሰብራል ይባላል።

ከሰዓት በኋላ

በገመድ ጎትተው አወጧቸው። ትንፋሽ አላቸው። ሆስፒታል ወሰዷቸው።

ረቡዕ

አሁንም ራሳቸውን አያውቁም። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሱቃቸውን ዘግተው ሆ/ል ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ፈራሁ። መረቁኝ። ባለቤቴ እኮ ሁልጊዜ ልጅቷ ካላሸተተች አልወርድም ይላሉ አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ።

የኮሌጅ መጽሐፌን ገለጥኩ። ጋዙ ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን ነው። ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለጠፋ አልነበረም። ይህን አላውቅም ማለት አልችልም፤ ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ። ያ ሁሉ ትምህርት ለወረቀት መቆጠቢያ!

ሐሙስ

ነቁ! አልሐምዱሊላህ ሲሉ እኔም ተመስገን አልኩ። ድምፃቸው ሰልሏል። ወተቱን አንሥተው ነገሩኝ፤ የዚያን ቀን ውሃ ሳይገባበት አልቀረም፣ ቀጠነብኝ አሉ። አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ ብለው እጄን ያዙኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዓርብ

ሥ/አስኪያጁ ነገ ሌላ ሰው ይወርዳል አለ። ለሰውዬው ወተት እጥፍ እንዲሰጠው አዟል። እንዲያውም ለጋስ ሆኗል።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ አልኩ። ምንም አይሸትም። ሥ/አስኪያጁም አሸተተ፣ ምንም። ወረቀቱን አርጥቤ በክር አወረድኩት። ሳወጣው እንደ ኩል ጠቁሯል። አሳየሁት። የወረቀት ነገር ነው አለ። አይወርድም ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሥራ ማሰናከል የኢኮኖሚ ሻጥር እንደሚባል አስታወሰኝ። ፈራሁ። በሻጥር ስማቸው የተነሣ ሰዎች የት እንደገቡ አውቃለሁ።

የጉድጓዱን ክዳን ግን ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው፤ አልሰጥም። የቀሩትን ወረቀቶች በሙሉ ነገ ጉድጓዱ አፍ ላይ አንጠለጥላቸዋለሁ፣ ሠራተኛው ሁሉ ይያቸው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ባዶ መሳቢያ ያገኛል።

ከዚያ በፊት ግን ሆ/ል እሄዳለሁ። ለጋሽ ሽኩር ወተቱ ንጹሕ ነበር ልላቸው ነው።