ቆሞ የተቀበረው ጠርሙስ

እሑድ፣ ኦገስት 17

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ የእጮኛዬ የራንድል እናት፣ ሚስ ኦፓል ቤት። ፎሶሊያ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ያው እንደ ሁልጊዜው። የሰርጋችንን ቦታ ዛሬ እንነግራቸዋለን ተባብለን ነበር ከራንድል ጋር። ሐይቁ ዳር ያለውን ዳስ ወደነዋል... ግድግዳ የለው፣ በር የለው። ገና አፌን ሳልከፍት ሚስ ኦፓል ድስቱን አስቀምጠው፣ "ጎተራውን እኮ አስጠረግኩት" አሉ።

"የትኛውን?"

"ስንት ጎተራ አለን፣ የኔ ማር? የትምባሆ ማድረቂያውን፣ ትልቁን ነዋ። እኔም የተዳርኩት እዚያ፣ አማቴም የተዳሩት እዚያ።"

ራንድልን አየሁት። ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባል። እንዲህ ተጠንቅቆ ቅቤ ሲቀባ አይቼው አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

"ለአንድ ቀን ነው፣ ታሪን። እማዬን ደስ ይበላት" አለኝ ራንድል።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

ጎተራው ውስጥ መብራት ሲሰቅሉ ዋሉ። ለመቀመጫ የድርቆሽ እስር ደርድረዋል። ያምራል፣ አልዋሽም። ባያምር ኖሮ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር።

ከጎተራው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቤትም ቢጫ እየቀቧት ነው። ለማን ነው ብዬ ብጠይቅ ቀቢው ሳቀብኝ። "ለናንተ ነዋ! አልነገሩሽም?"

ኖቬምበር ላይ እኮ ሉዊቪል ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። ራንድልም አብሮኝ ሊሄድ ቃል ገብቷል። ለእናቱ ግን ትንፍሽ አላለም። ከሰርጉ በኋላ ይላል። ከዚያ ከትምባሆው ሽያጭ በኋላ ይላል፣ ከዚያ ከገና በኋላ... እዚያች ቢጫ ቤት ውስጥ ሳረጅ ታየኝ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

አባቴ ጉንዳኖቹን አይቶ "ዘንድሮ ኦክቶበር ዝናብ ነው" አለ። ደስ አለኝ። ሙሽራ ዝናብ ሲሏት ደስ ይላታል? ምን ነክቶኛል?

ሆድ ይፍጀው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ሰርጉ ልክ አንድ ወር ቀረው። እንደ አገራችን ልማድ፣ የሰርጉ ቀን እንዳይዘንብ ውስኪ ሰርጉ ቦታ የምንቀብርበት ቀን፤ በሰርጉ ዕለት ተቆፍሮ ይጠጣል። ቤተሰቡ ሁሉ ጎተራው ደጃፍ ተሰበሰበ። የራንድል አጎት ዴል ከበላያችን ቆሞ ያዛል። "በአፍጢሙ ድፉት! ካልተደፋ ዝናቡን አያቆመውም። አንዴ ከተቀበረ ደግሞ ቦታ መለወጥ የለም፣ ሙሽሪት።" ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ራንድል ሲቆፍር አካፋው ከጠርሙስ ጋር ተጋጨ። አሮጌ ውስኪ፣ ሙሉ፣ ክዳኑ እንኳ ያልተነካ። አንገቱ ወደ ላይ።

"የትኛው ቂል ነው አቁሞ የቀበረው?" አለ ዴል። "ዝናብ ና ብሎ መጥራት እኮ ነው!"

ሚስ ኦፓል ብቻ አልሳቁም። ጠርሙሱን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው፣ በሽርጣቸው ጠቅልለው ገቡ።

እኛም የኛን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀበርን። በአፍጢሙ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

ከሚስ ኦፓል ጋር ፎሶሊያ ስንቀነጥስ ዋልን። ቀና ሳይሉ፣ "የኔ ነው" አሉ።

"ምኑ?"

"ጠርሙሱ። ያኔ እኔ ስዳር ለብቻዬ ነበር የቀበርኩት። አውቄ ነው ያቆምኩት። ዝናብ ቢመጣ ሰርጉ ይተላለፋል፣ ቢተላለፍ ደግሞ... እንጃ። ትንሽ እተነፍሳለሁ ብዬ ነው። በሰርጉ ቀን አውጪው ሲሉኝ ቦታው ጠፋኝ አልኩ።"

"ዘነበ?"

"ጠብ አላለም።"

ከዚያ እኔም አፌን ከፈትኩ። የሉዊቪሉን ሥራ ነገርኳቸው። እጃቸው ቆመ። "ቤቷን እኮ ቢጫ አስቀባኋት" አሉ። አዘንኩላቸው፣ ግን እንባቸው መጣ ብዬ ቃሌን አልመለስኩም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጎተራው ሄጄ ቆፈርኩ።

ራንድል ደረሰብኝ። ለእሑድ የሚለብሳት ሸሚዝ፣ እጁ ላይ የመኪና ቁልፍ። "ምን እያደረግሽ ነው?"

"ላወጣው ነው።"

"እማዬ ምን ትላለች?"

ስለ እኔ አልጠየቀም። ይህን ሁሉ ወር የፈራሁት ይህንን ነበር መሰለኝ። አልጮህኩም። "የሉዊቪሉን ነገር እናትህ ሰምተዋል። እኔ ሐይቁ ዳር ነኝ፣ ዳሱ ጋ። ሉዊቪል የምትሄድ ከሆነ ና። የማትሄድ ከሆነ አትምጣ" አልኩት።

ወደ መኪናዬ ስሄድ ሚስ ኦፓል በረንዳው ላይ ነበሩ። እሳቸውም ቀርተዋል ለካ። ጭቃ የለበሰውን ጠርሙስ አዩት። አልጠሩኝም፣ አላስቆሙኝም።

ይህን የምጽፈው ዳሱ ሥር ተቀምጬ ነው። ጠርሙሱ አጠገቤ ነው። እሱን በአፍጢሙ የምደፋበትን ጉድጓድ ቆፍሬ ጨርሻለሁ። ለሰርጉ ሙሉ ወር ስላልቀረ ይሠራ እንደሆነ እንጃ። ራንድል ገና አልመጣም... ይመጣ ይሆን? አላውቅም።

ከሐይቁ ማዶ ደመና እየከበደ ነው። ዛሬ ግን አትዝነብ አልኩ። ከልቤ።