ለማየት ብቻ የተፈቀደላት ሂያም እንዴት ሰረዘች?

ለክቡር አቶ ይገዙ መለሰ
የወንዝ ዳር መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሰመራ

ክቡር ሆይ፣

የሰመራ ፀሐይ በቢሮዎ ኤሲ ሁልጊዜ እንድትሸነፍ፣ ጤናዎም እንደ ሥልጣንዎ ወሰን የለሽ እንዲሆን ከአዋሽ ቅርንጫፍ በታላቅ አክብሮት እመኝልዎታለሁ።

1ኛ. ወደ ኔትወርካችን ማን ይግባ፣ ማን ይከልከል የሚለውን የሚወስነውን መሣሪያ፣ ፋየርዎሉን፣ ማን እንደሚያዝበት በደመወዝ ደረጃ ስለደለደሉልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። እኛ ባለሙያዎቹ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራው የሚጠይቀው ያህል ብቻ ይፈቀድለት ብለን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ብንለምንም፣ ኃላፊን ከቴክኒሻን ያነሰ ፈቃድ መስጠት ክብሩን መንካት ነው ብለው ለስምሪት ኃላፊው፣ ለግዥ ኃላፊው እና ለራስዎ ሙሉ ሥልጣን አደሉ። ሥራዬ ብላ የተማረችው የኔትወርክ ቴክኒሻናችን ሂያም ካሚል ግን ደረጃዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ማየት ብቻ ተፈቀደላት። የስምሪት ኃላፊው ፋየርዎል ማለት የትኛው ሳጥን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚጠይቀው እሷን ነው።

2ኛ. ባለፈው ሐሙስ፣ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጽዳት ላይ ሳለ፣ አዋሽን ከሰመራ የሚያገናኘው ደንብ ከፋየርዎሉ ተሰረዘ። ሂያም ወዲያው አይታ ሰመራ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የአዋሽ አርባ ጤና ጣቢያ ያዘዘው ኢንሱሊን፣ ትእዛዙ ከእኛ ወደ ሰመራ ማለፍ ስላልቻለ ሁለት ቀን ዘግይቶ ሲደርስ፣ ወይዘሮ እናትነሽ የተባሉ የስኳር ሕመምተኛ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገብተው ነበር። ዛሬም አልወጡም፤ እንግዶችዎ ግን በግቢው ንጽሕና ተደስተው መመለሳቸውን ሰምተናል፤ እሰይ!

3ኛ. ለዚህ ጥፋት ሂያምን ከሥራ አግደው ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድትቀርብ ማዘዝዎ ጥበብዎን ከሁሉ በላይ ያሳየናል። መሰረዣው ቁልፍ ገጿ ላይ እንኳ የማይወጣላት ልጅ በዓይኗ አፍጥጣ ደንብ ሰረዘች ማለት ነው። ኧረ እግዜር ያሳይዎት! እንዲህ ያለ ዓይን ቢኖራት ኖሮ መጀመሪያ ምን ላይ ታፈጥጥ እንደነበር ለክቡርነትዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

ስለዚህ እግዱ ከሰኞ በፊት ተነስቶ ሂያም በይፋ ይቅርታ እንድትጠየቅ፣ ከወንበርዎ ከፍታ ዝቅ ብዬ አመለክታለሁ።

ትእዛዝዎን በመፈጸም የደከመው፣ አሁንም ማየት ብቻ የተፈቀደለት
ውባየሁ ትግሉ
የኔትወርክ ቴክኒሻን፣ አዋሽ

ማስታወሻ፦ መሣሪያው የእያንዳንዱን ሰው ሥራ በስሙ ይመዘግባል። ሂያም ማየት ስለተፈቀደላት አይታ፣ አትማ አስቀምጣለች፦ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ የአዋሹን ጨምሮ አሮጌ የተባሉ አራት ደንቦች ከሰመራ ተሰርዘዋል፤ የሰረዘው፣ ይገዙ መለሰ። ቅጂው ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ደርሷል። ክቡርነትዎም እባክዎ ፈቃድዎን እንደኛ ማየት ብቻ ያድርጉት፤ ቢያንስ ያጠፉትን ያያሉ።